«ሌንሱ ደክሟል» ስለሚባለው ፍርድ፤ በአሮጌው ፕሌይስቴሽን አጠጋገን ላይ የቀረበ ሂስ

አሮጌ የቪዲዮ ጌም መሣሪያ ዲስክ አላነብ ባለ ጊዜ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈውን፤ በጽሑፍም ሆነ በፊልም ተዘጋጅቶ የሚቀርበውን የጥገና ምክር በጥሞና የሚመረምር ሰው አንድ አነጋገር ደጋግሞ ሲመጣ ያገኛል። ይኸውም «ሌንሱ ደክሟል» የሚለው ነው። ባለ ሱቁ እንዲህ ይላል፤ ጠጋኙም እንዲህ ይላል፤ ምክሩን በጽሑፍ ያቀረበውም ሰው ቃሉን ጥቂት ያስጌጠው እንደ ሆነ ነው እንጂ ከዚህ አያልፍም። ከፍርዱ ቀጥሎ የሚመጣው ሥራም አንድ ዓይነት ነው፤ ከሌንሱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ ማዞር። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ሂስ በዚህ አነጋገርና አነጋገሩ በሚያስከትለው ሥራ ላይ ነው።

ከአንባብያን መካከል፤ ይልቁንም ከመምህራኖቻችን ወገን፤ «የልጆች መጫወቻ በምርምር መጽሔት ውስጥ ምን ይሠራል?» የሚሉ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። ምሳሌ አድርጌ የምወስደው መሣሪያ የሶኒ ኩባንያ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ነው። ይህ መሣሪያ በጃፓን በ1994፤ በአሜሪካና በአውሮፓ በ1995 ለገበያ ቀርቦ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ሥራው እስከ ተቋረጠበት እስከ 2006 ድረስ ከ102 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ዛሬ አዲስ አይሠራም። ስለዚህ አንዱ መሣሪያ በከንቱ በተበላሸ ቍጥር ከቀረው ላይ ይቀነሳል እንጂ አይተካም። ደግሞም ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለም። በሽታን ሳይለዩ መድኃኒት መስጠት በሕክምናም፤ በእርሻም፤ በጋራዥም ያለ ልማድ ነው፤ በትንሽ ሣጥን ውስጥ ሲታይ ግን አካሄዱ ከመነሻው እስከ መድረሻው በአንድ ጊዜ ይታያል።

በመጀመሪያ ሌንሱ ምን እንደሚሠራ እንመልከት። ዲስኩ 1.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፤ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። በፕላስቲኩ የላይኛው ፊት ላይ እጅግ ስስ የሆነ የአሉሚኒየም ንጣፍ ተቀብቶበታል፤ ጽሑፉም የሚገኘው በዚያ ንጣፍ ላይ በጥቃቅን ጕድጓዶች ተቀርጾ ነው። ጕድጓዶቹ ከመሃል ተነሥቶ ወደ ዳር እየዞረ በሚሄድ አንድ መስመር ላይ ተደርድረዋል። በአንዱ ዙርና በሚቀጥለው ዙር መካከል ያለው ርቀት 1.6 ማይክሮሜትር ነው፤ ማለት በአንዲት ሚሊሜትር ስፋት ውስጥ ከ600 በላይ ዙሮች ይገኛሉ። ከሥር የሚላከው የሌዘር ብርሃን የሞገዱ ርዝመት ወደ 780 ናኖሜትር ስለሆነ ዓይን አያየውም። የፕሌይስቴሽን ዲስኮች ከሥራቸው ጥቍር ሆነው ሳለ የሚነበቡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥቍረቱ ለእኛ ዓይን እንጂ ለዚያ ብርሃን መጋረጃ አይሆንም። ሌንሱ ብርሃኑን በንጣፉ ላይ ያነጣጥራል፤ ከንጣፉ ተንጸባርቆ የተመለሰውንም ብርሃን የሚቀበሉ ዳዮዶች ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጡታል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ዲስኩ በፍጥነት እየዞረ፤ ጥቂትም እየተወዛወዘ ሳለ ነው። ስለዚህ ሌንሱ ዝም ብሎ የተቀመጠ መስተዋት አይደለም። በጥቃቅን መጠምጠሚያ ሽቦዎችና በማግኔት ኃይል ወደ ላይና ወደ ታች፤ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል። ሌንሱን፤ ሌዘሩንና ተቀባዮቹን ዳዮዶች አንድ ላይ የያዘው ክፍል ደግሞ (ከእንግዲህ ተንሸራታቹ እለዋለሁ) በሐዲድ ላይ ሆኖ ከዲስኩ መሃል ወደ ዳር ይጓዛል። ዲስኩን የሚያዞረው ሞተር ራሱን የቻለ ነው።

እንግዲህ «አላነብም» የሚለው አንድ ምልክት ከብዙ ስፍራ ሊመጣ ይችላል። ሌንሱ አቧራ ወይም የሲጋራ ጢስ ሊይዝ ይችላል። ተንሸራታቹ ወደ አንድ ጎን ሊያዘነብል ይችላል። የሐዲዱ ግራሶ ደርቆ ጕዞውን ሊያግደው ይችላል። ዲስኩ የሚቀመጥበት ክብ በሞተሩ ዘንግ ላይ ዝቅ ብሎ በዲስኩና በሌንሱ መካከል ያለውን ርቀት ሊያሳጥረው ይችላል። ዲስኩ ራሱ ሊጫር ይችላል። በመጨረሻም የሌዘሩ ዳዮድ በእውነት ብርሃኑ ሊቀንስ ይችላል። «ደክሟል» የሚለው ቃል በትክክል የሚስማማው ለዚህ ለመጨረሻው ብቻ ነው። ቃሉ የተወደደው ግን ሁሉን ስለሚሸፍን ይመስለኛል። ሰው ይደክማል፤ በሬ ይደክማል፤ ባትሪም ይደክማል፤ የደከመን ደግሞ ማበርታት ነው። አንዴ «ደክሟል» ከተባለ ወዲያ ብሎኒቱን ማዞር የምክር ሳይሆን የርኅራኄ ሥራ መስሎ ይታያል። አንዲት ቃል ምርመራውን አስቀርታ በቀጥታ ወደ መድኃኒቱ ወሰደችን ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ምስክር እመለሳለሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩት ፕሌይስቴሽኖች በውስጣቸው ያለው የማንበቢያ ክፍል ኬኤስኤም-440ኤኤኤም የሚባለው ነበረ። ይህ ክፍል አካሉም ተንቀሳቃሹም ፕላስቲክ ነበረ፤ ፕላስቲክ በፕላስቲክ ላይ ይንሸራተት ነበር ማለት ነው። በዚያ ላይ የተቀመጠበት ስፍራ ከፓወር ሰፕላዩ አጠገብ ስለሆነ ሙቀቱ ፕላስቲኩን ለመፈተግ የባሰ የተመቸ አደረገው። ፍትጊያው ግራና ቀኙን እኩል አይበላውም። አንደኛው ወገን ይበልጥ ሲበላ ተንሸራታቹ ያዘነብላል፤ ተንሸራታቹ ሲያዘነብል ብርሃኑ ዲስኩን ቀጥ ብሎ መምታቱ ይቀርና በሰያፍ ይመታዋል፤ ተመልሶ የሚመጣውም ብርሃን ቦታውን ይስታል። ኩባንያው ከዚህ በኋላ በወጡት ዓይነቶች ተንሸራታቹን ከብረት ቅልጥ አሠርቶ፤ የማንበቢያውንም ክፍል ከፓወር ሰፕላዩ አርቆ አስቀመጠው። ይህ እርምጃ ከማናቸውም መግለጫ የበለጠ ምስክር ነው፤ ጕድለቱ በብርሃን ላይ ቢሆን ኖሮ የሚለወጠው ሌዘሩ እንጂ የተንሸራታቹ ሥሪትና ቦታ አይሆንም ነበር።

ባለቤቶቹ ግን የኩባንያውን እርምጃ አልጠበቁም። መሣሪያውን በጎኑ ማቆም፤ ይህም እንቢ ሲል ገልብጦ በጀርባው ማስተኛት በብዙ አገር የታወቀ ዘዴ ሆነ። ዲስኩ በመሃሉ ተነክሶ ስለሚያዝ አይወድቅም፤ ብዙ ጊዜም ጨዋታው ያለ እንከን ይቀጥላል። በዚህ ዘዴ የሚስቁ ብዙ ናቸው፤ እኔም ልጅ ሳለሁ ስቄበታለሁ። አሁን ሳስበው ግን በዚህ ጕዳይ ላይ ከተደረጉት ፈተናዎች ሁሉ እጅግ ብልኅ የሆነው ይህ ነው። መሣሪያውን የሚገለብጥ ሰው ከክብደቱ አቅጣጫ በቀር አንዳች ነገር አልለወጠም። ብርሃኑ ያው ነው፤ ዲስኩ ያው ነው፤ አቧራውም ያው ነው። በሚስዮን ትምህርት ቤት ያስተማሩን የፊዚክስ መምህር «በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አትለውጡ» እያሉ በየሙከራው ያሳስቡን ነበር፤ እነሆ ያልተማረ ልጅ በሳሎን ወለል ላይ ይህንኑ ሕግ ጠብቆ ሠርቷል።

የፈተናው ውጤት ምን ይላል? ተገልብጦ ካነበበ ሌዘሩ በቂ ብርሃን አለው፤ ሞተሩ ያዞራል፤ ዲስኩም ይነበባል ይላል። ቀሪው ነገር ተንሸራታቹ በሐዲዱ ላይ የሚቀመጥበት ሁኔታ ነው፤ ሲገለበጥ ክብደቱ ባልተበላው ፊት ላይ ያርፍና ይቃናል። ይህን ያህል ነገር በነጻ የሚነግር መሣሪያ በሆስፒታልም አይገኝም። ታዲያ በየስፍራው የሚሰጠው ምክር ከዚህ ፈተና ምን ወሰደ? ምንም። አንዳንዱ መገልበጡን እንደ ፈውስ ቈጥሮ እዚያው ይቆማል። ሌላው፤ ይህም የሚብሰው ነው፤ «መጀመሪያ ገልብጠው፤ ገልብጠኸውም ከሠራ ሌንሱ መድከም ጀምሯልና ብሎኒቱን አዙር» ይላል። እንዲህ ያለው መካሪ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ራሱን በራሱ አፈረሰ። ፈተናው ሌዘሩን ነጻ ካወጣው በኋላ ሌዘሩን መቅጣት ምስክሩን ሰምቶ ከሳሹን እንደ መልቀቅ፤ የተመሰከረለትንም እንደ ማሰር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ብሎኒቱ ራስዋ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ የምክሩ ሁሉ እምነት በእርስዋ ላይ ነውና። ብሎኒቱ በተንሸራታቹ ላይ የተተከለች ተስተካካይ ሬዚስተር ናት። አብዛኛው ሰው እንደ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ያስባታል፤ ወደዚህ ሲዞር ብርሃኑ ከፍ፤ ወደዚያ ሲዞር ዝቅ። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በሌዘሩ ዳዮድ አጠገብ ሁለተኛ ዳዮድ አለ፤ ሥራው የሌዘሩን ብርሃን መጠበቅ ነው። ብርሃኑ ሲቀንስ ይህ ጠባቂ ያስታውቃል፤ ሰርኪዩቱም ለሌዘሩ ተጨማሪ ከረንት ይልካል፤ ብርሃኑ ሲበዛ ይቀንሳል። ማለት ብርሃኑ በአንድ ልክ እንዲኖር መሣሪያው ራሱ ሳያቋርጥ ያስተካክላል። ብሎኒቱ የምትወስነው ያንን ልክ ነው፤ እርሱም በፋብሪካ በመለኪያ ተወስኖ የወጣ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፤ ሌዘሩ በእውነት እየደከመ ከሆነ ሰርኪዩቱ ከእኛ አስቀድሞ አውቆታል፤ ከረንቱንም ጨምሮለታል። እኛ በላዩ ስንጨምር የደከመን ፈረስ አለንጋ ማብዛት ነው፤ ከልክ ያለፈ ከረንት የሌዘርን ዳዮድ ዕድሜ እንደሚያሳጥር የታወቀ ነውና። ሁለተኛ፤ ጠባቂው ዳዮድ ያለው ከውስጥ፤ ከሌንሱ በታች ነው። ሌንሱ ላይ ያረፈውን አቧራ አያየውም፤ የተንሸራታቹን ማዘንበል አያየውም፤ የዲስኩን ጭረት አያየውም። በእነዚህ ምክንያቶች ንባብ በጠፋ ጊዜ ብርሃን በመጨመር የሚገኘው ጥቅም በቆሸሸ መስኮት ፊት ትልቅ አምፑል ከማብራት የተለየ አይደለም፤ ጥቂት ይታይ ይሆናል፤ መስኮቱ ግን አልጠራም፤ አምፑሉም ቶሎ ይቃጠላል። ብዙዎች «አዞርሁት፤ ሠራልኝ» ብለው የሚመሰክሩት በሐሰት አይደለም። ምስክርነታቸው የሚያበቃው ግን በሠራ ቀን ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ ምን እንደ ሆነ ተመልሶ የሚናገር ጥቂት ነው።

በዚህ ረገድ የመጀመሪያዎቹ ፕሌይስቴሽኖች ሌላም መደናገሪያ ነበራቸው። በዋናው ቦርድ ላይ የሌንሱን ማነጣጠር የሚመለከቱ ሌሎች ተስተካካይ ሬዚስተሮች ነበሩ፤ በኋለኞቹ ግን ማስተካከሉን ሰርኪዩቱ ራሱ ስለሚሠራው እነዚህ ቀርተዋል። ስለዚህ «ብሎኒቱን አዙር» የሚለው ምክር የትኛይቱን እንደሆነ ሳይለይ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ዓይነት ሲተላለፍ ኖሯል። እንዲህ ባለው ምክር ላይ ተጨማሪ ሂስ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ስለ ምልክቶቹ አነባበብም አንድ ነገር ልጨምር። የታመመ ፕሌይስቴሽን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚሰናከለው በጨዋታው ውስጥ ባሉት ፊልሞች ላይ ነው፤ ሥዕሉ ይቆራረጣል፤ ድምፁ ይዘላል፤ ጨዋታው ራሱ ግን ይሠራል። ይህንን አይቶ «መድከም ጀምሯል» ማለት የተለመደ ነው። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። መሣሪያው በተራ ጊዜ አንድ ክፍል ማንበብ ቢያቅተው ተመልሶ ይሞክራል፤ ተጫዋቹም ጥቂት ከመጠበቅ በቀር አያውቅም። ፊልም ሲታይ ግን ንባቡ በሴኮንድ 300 ኪሎባይት ያህል ሳያቋርጥ መፍሰስ ስላለበት ተመልሶ ለመሞከር ጊዜ የለም። ከፊልሙ ጋራ የሚሄደው ድምፅ በሚጻፍበት አቀማመጥ ደግሞ ተራው መረጃ ያለው ተጨማሪ የስሕተት ማረሚያ ቀርቶ ስፍራው ለድምፁ ተሰጥቷል። ስለዚህ የፊልሙ መቆራረጥ የሚነግረን ስሕተት መብዛቱን ነው እንጂ የስሕተቱን ምንጭ አይደለም። ከዚህ ይልቅ ተራ የሙዚቃ ሲዲ ማስገባት የተሻለ ፈተና ነው፤ ሙዚቃ የሚነበበው በግማሽ ፍጥነት ነውና፤ ሙዚቃውን በደኅና እያጫወተ ጨዋታውን ብቻ እንቢ የሚል መሣሪያ ሌዘሩ ሞቷል ሊባል አይችልም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጕዳይ አለ። በከተሞቻችን በየሰፈሩ በተከፈቱት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ሲሠራበት የኖረው ዲስክ አብዛኛው የተቀዳ ነበር። ይህንን የምለው ለመክሰስ አይደለም፤ ዋናው ዲስክ በገበያችን እንደ ልብ አይገኝም ነበርና። ነገር ግን የተቀዳ ዲስክ ብርሃን የሚመልሰው በፋብሪካ ከታተመው ያነሰ ነው። ለታተመው የተቀመጠው ልክ ከ70 በመቶ የማያንስ ሲሆን፤ አንዴ ብቻ የሚጻፍበት ዲስክ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ተፍቆ ደግሞ የሚጻፍበት ዓይነት ግን ከ15 እስከ 25 በመቶ ብቻ ይመልሳል። ይህን ዓይነቱን ዲስክ ለማንበብ የ1994 መሣሪያ አልተሠራም። ባልተነካካ መሣሪያ ላይ ደግሞ ቅጂው ጭራሽ ይከለከላል፤ በዋናው ዲስክ መግቢያ ላይ ተራ መቅጃ ሊሠራው የማይችል ምልክት አለና። እንግዲህ ብዙ ጊዜ «ደክሟል» የተባለው ሌንስ ጥፋቱ የማይገባውን ሥራ አለመሥራቱ ነበር። ብሎን የማዞሩ ልማድ የተስፋፋው አንድም የተቀዳ ዲስክ ለማስነበብ ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም፤ ለዚያ ዓላማ የተገኘ ዘዴ በኋላ ለማናቸውም በሽታ መድኃኒት ሆኖ ቀረ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ከደጅ ቆሜ አይደለም። አጎቴ ከውጭ አገር ሲመለሱ ያመጡት፤ ከመጀመሪያዎቹ ዓይነቶች የሆነ ፕሌይስቴሽን በቤታችን ነበር። እኔና ታናሽ ወንድሜ ማንበብን የለመድነው በከፊል በእርሱ ላይ ነው ብል አላጋነንሁም። ባለፈው ክረምት ከሣጥን አውጥተን ስንሞክረው አላነብ አለ። ገለበጥነው፤ አነበበ። ወንድሜ በደስታ ዘለለ፤ እኔ ግን የተማርሁ ሰው ነኝና ተገልብጦ የሚሠራ መሣሪያ አሳፈረኝ። አንድ ምክር አነበብሁ፤ ከፈትሁት፤ ካቻቢቴ አስገብቼ ብሎኒቱን ሩብ ዙር ያህል አዞርሁ። ቀጥ ብሎ ቆሞ አነበበ። ለአጎቴ ስልክ ደውዬ «ጠገንሁልዎ» አልኋቸው። አሥራ አንድ ቀን ሠራ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቆሞም ተገልብጦም፤ ጨዋታም ሙዚቃም አላነብ አለ። ከዚያ ወዲህ አላነበበም።

ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ «እርጅና ነው፤ ብታዞረውም ባታዞረውም መሞቱ አይቀርም ነበር» ብለው አጽናኑኝ። ሊሆን ይችላል። ክርክራቸውን ግን አልቀበልም። ከማዞሬ በፊት በእጄ አንድ የተረጋገጠ ነገር ነበረኝ፤ ተገልብጦ ያነባል የሚል። ያ እውቀት ወደ ሐዲዱ እየጠቈመኝ ሳለ ወደ ሌዘሩ ሄድሁ። በኋላ ተንሸራታቹን አውጥቼ በማጉሊያ መስተዋት ስመለከተው አንደኛው የታች ፊቱ ተልጎ ልሙጥ ሆኗል፤ ሌላኛው ገና የፋብሪካ ጠርዙን እንደ ያዘ ነው። ማስረጃው ከመጀመሪያውም እዚያው ነበረ፤ መክፈቻውም በእጄ ነበረ።

በተቃራኒው ወገን ያለውን እውነት መካድ ግን አይገባም። ብሎኒቱን ማዞር ፈጽሞ የተከለከለ ነው አልልም። ሌንሱ ከተጠረገ፤ ሐዲዱ ከተፈተሸ፤ የዲስኩ ማስቀመጫ ከፍታ ከታየ፤ በደኅና መሣሪያ የተፈተነ ዋና ዲስክም ገብቶ እንቢ ካለ በኋላ፤ የመጨረሻ ሙከራ ሆኖ ሊደረግ ይችላል። ያን ጊዜም መሣሪያው ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ የሬዚስተሩ ልክ በቴስተር ተለክቶ ይጻፋል፤ ቦታውም በቀጭን ብዕር ምልክት ይደረግበታል፤ ከዚያ በኋላ እጅግ በጥቂቱ ይዞራል። ይህንን አካሄድ የጠበቁ ጥንቁቅ ጠጋኞች አሉ፤ ሂሴ እነርሱን አይነካም። የሚያሳዝነው ግን የእነርሱ ምክር ረጅም ስለሆነ ሰው መሃሉን ዘልሎ መጨረሻውን ብቻ መውሰዱ ነው።

ስለ ጽዳት የሚሰጠው ምክርም ከስሕተት የጸዳ አይደለም። በንጹሕ አልኮል ጥቂት የረጠበ ጥጥ ሌንሱን በቀስታ መጥረግ በቂ ነው፤ ሌንሱ ፕላስቲክ ስለሆነ፤ በስስ ማንጠልጠያ ላይም የተንጠለጠለ ስለሆነ ጉልበት አይወድም። ቀለም ማስለቀቂያ የሚነካው ሰው ሌንሱን ያደበዝዘዋል። ዲስክን በጥርስ ሳሙና ማሸት የተባለውን በሚመለከት፤ ሳሙናው ጭረቱን የሚያጠፋው ዙሪያውን ያለውን ፕላስቲክ በመፋቅ ነው፤ ጥልቅ ላልሆነ ጭረት አንዳንዴ ይረዳል። ነገር ግን ብርሃኑ ወደ ፕላስቲኩ ሲገባ ስፋቱ ወደ አንድ ሚሊሜትር የሚጠጋ ስለሆነ ትናንሽ ጭረቶችን ቀድሞውኑ አልፎ ይሄዳል። ሰው ሁሉ የሚሳሳለት የታችኛው ፊት ነው፤ እጅግ የሚያስፈራው ግን ሥዕል ያለበት የላይኛው ፊት ነው፤ በዚያ በኩል አሉሚኒየሙን የሚሸፍነው ስስ ቀለም ብቻ ነውና። እዚያ የተጫረ ዲስክ ወደ ብርሃን ሲያነሡት እንደ ወንፊት ቀዳዳ ካሳየ መድኃኒት የለውም።

መሣሪያውን ከፍተው ለሚሠሩ ጓደኞቼ ሁለት ማስጠንቀቂያ በመንገዴ ላይ ልጣል፤ ብርሃኑ ስለማይታይ የሌለ አይምሰላቸው፤ ክዳኑ ተከፍቶ ሲሠራ በሌንሱ ውስጥ መመልከት ዓይን ያጠፋል። የ220 ቮልቱም መስመር በስተግራ ባለው ፓወር ሰፕላይ ላይ ራቁቱን ነው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ የማንበቢያውን ክፍል ጨርሶ አውጥቶ ጨዋታውን ከሜሞሪ ካርድ የሚያነብ ሰሌዳ የሚተኩ ሰዎች ተነሥተዋል። ይህ ሥራ በራሱ ያማረ ነው፤ ሌዘር የሚባል ነገር ስለሌለ የሚደክምም የለም። ጥገና ብሎ መጥራት ግን ይከብደኛል፤ ዲስኩ በመደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ የሚዞረው ነገር ሁሉ ዝም ይላል፤ የጥያቄው መልስ ጥያቄውን ማንሣት ሆነ። ምትክ የማንበቢያ ክፍል የሚገዛውም ሰው ቢሆን ዛሬ በገበያ ላይ ካሉት ብዙዎቹ በኋላ የተመሰሉ ስለሆኑ ጥራታቸው አንድ እንዳልሆነ ማወቅ አለበት። «አዲስ ስለሆነ ይሻላል» የሚለውም «አሮጌ ስለሆነ ደክሟል» የሚለው የወንድሙ ልጅ ነው።

አጎቴ መሣሪያውን አልጠየቁኝም፤ ምናልባት ረስተውት ይሆናል። ሌላ ተንሸራታች ከነሐዲዱ ከአንድ የተሰበረ ፕሌይስቴሽን ላይ አግኝቼ አስገብቻለሁ፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ ያነባል፤ የዚህኛውን ብሎን በምልክት አስፍሬአለሁ፤ ልኩንም ጽፌአለሁ። የፊተኛው ተንሸራታች በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። የተበላው ፊቱ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይታያል። ብሎኒቱ ከመዞሯ በፊት በየትኛው ስፍራ እንደ ነበረች የሚያሳይ ምልክት ግን የለባትም፤ አላደረግሁባትም።